ከጠጋኝነት የተነሳው ጉንፔ ዮኮይ

ጉንፔ ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1941 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ተወለደ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ በ1965 ኒንቴንዶ ሲቀጠር ሥራው የመጫወቻ ካርታ የሚያመርቱ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ለራሱ መዝናኛ የሠራትን ተዘርጊ እጅ የኩባንያው ፕሬዚዳንት አይቶ በ1966 ለገበያ እንድትቀርብ አደረገ። ጥገናው ቀረና ዮኮይ ፈጣሪ ሆነ።

መላው ቀላል ነው፤ የቆየና ዋጋው የረከሰ ቴክኖሎጂን ለአዲስ ነገር ማዋል። በ1989 የወጣው ጌም ቦይ ስክሪኑ ቀለም ባይኖረውም በአራት ባትሪ ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። በ1990 የመጣው የሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም ሆኖ ስድስት ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ይጨርሳል።

እንግዲህ ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። የጌም ጊር ካፓሲተሮች ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ሰሌዳውን ስለሚበሉት አንድ በአንድ ነቅሎ መቀየር ግድ ነው። ጌም ቦይን ግን ብዙ ጊዜ የዛገውን የድንጋይ መገናኛ በኮምጣጤ መጥረግ ይበቃዋል። ስክሪኑ ላይ መስመር ከጠፋም ከሥሩ ያለውን ማያያዣ በብየዳ ካውያ ማሞቅ ነው።

ሁሌ ግን አልቀናውም። የ1995ቱ ቨርቹዋል ቦይ ገበያ አጣ፤ የስክሪኑ ገመድም በሙጫ ስለተያያዘ ዛሬም ጠጋኝ ያስለቅሳል። ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቀቀ፤ በ1997 በ56 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ጌም ቦዩ ግን ዛሬም ተጠግኖ ይነሳል።