ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እና የዓሣ ውኃ ደኅንነት፦ ከአሞኒያ ምርመራ አንጻር የቀረበ አጭር የሕይወት ታሪክ

መግቢያ

በደቡብ ወሎ፣ ከአምባሰል በስተደቡብ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም፤ የውኃው ፒኤችም ወደ 9 የሚጠጋ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወደ ሐይቁ የገባው በ1978 ነው። ይህን ዓሣ በመስታወት ገንዳ አኑሮ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ አስቀድሞ የአሞኒያን ጉዳይ ማጤን ይኖርበታል። ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ በኩል ያስወግዳል፤ የምግብ ትርፍም ሲበሰብስ ይህንኑ መርዝ ይጨምራል። መርዙ በምን እንደሚወገድ ያስረዳው ዓሣ አርቢ ሳይሆን የማይክሮባዮሎጂ ሊቁ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሊቁን ሕይወት በመቃኘት የግኝቱን ፋይዳ ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወቱና ሥራው

ቪኖግራድስኪ በ1856 በኪየቭ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። የሕግ ትምህርት ጀምሮ ተወ፤ በሴንት ፒተርስበርግም ፒያኖ አጠና፤ በመጨረሻ ግን በተፈጥሮ ሳይንስ ጸና። በ1885 ወደ ስትራስቡርግ ተጉዞ በአንቶን ደ ባሪ ቤተ ሙከራ የድኝ ባክቴሪያዎችን መረመረ። በዚያም ያለ ብርሃን፣ ከኢኦርጋኒክ ውሁዶች ኃይል የሚያገኙ ሕያዋን መኖራቸውን አሳየ።

ደ ባሪ በ1888 ሲሞት ወደ ዙሪክ ተሻገረ። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ሕያዋን መሆናቸው ከ1877 ጀምሮ ቢታወቅም፣ ለይቶ ያወጣቸው አልነበረም። ችግሩ ከዘዴው ነበር፤ በጊዜው የተለመደው ጄላቲን ኦርጋኒክ በመሆኑ የሚፈለጉት ባክቴሪያዎች አያድጉበትም። ቪኖግራድስኪ ኦርጋኒክ ምግብን ከልክሎ አሞኒያና ማዕድናትን ብቻ አቀረበላቸው፤ በኋላም በጄላቲን ፈንታ የሲሊካ ጄልን ተጠቀመ። በ1890 እና በ1891 ባወጣቸው ሥራዎች አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት እንደሚለውጥ አረጋገጠ። ሁለቱን ደረጃዎች ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ የታወቀው በ2015 ነው።

በ1891 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ በሙከራ ሕክምና ተቋም አገለገለ፤ ከዚያም ጡረታ ወጥቶ በርስቱ ተቀመጠ። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ግን አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1922 የፓስተር ተቋም ሲጋብዘው በ66 ዓመቱ በፈረንሳይ ምርምሩን እንደገና ጀመረ። በ1953 በ96 ዓመቱ አረፈ።

ለዓሣ ውኃ ያለው ፋይዳ

ከግኝቱ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በአዲስ ገንዳ ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቀጥሎ ናይትራይት ከፍ ይላል። ናይትራይትም መርዛማ ስለሆነ የአሞኒያ መቀነስ ብቻውን ዓሣው ከአደጋ ወጥቷል አያሰኝም። ማጣሪያውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ ማጠብም እነዚህን ባክቴሪያዎች ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተለመደው የቀለም ምርመራ የሚለካው ጠቅላላ አሞኒያን ነው፤ ዓሣን በዋናነት የሚመርዘው ግን አዮን ያልሆነው ክፍል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ይህ ክፍል በፒኤች 7 ከ1 በመቶ ያንሳል፤ በፒኤች 9 ግን ወደ 28 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ማጠቃለያ

ስለዚህ በሌላ ውኃ የማያሰጋ የምርመራ ውጤት በሎጎ ሐይቅ ውኃ ዓሣን ሊገድል ይችላል። ተመራማሪው አሞኒያን ከፒኤች፣ ከሙቀትና ከናይትራይት ጋር አብሮ መመዝገብ አለበት። ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን ያገኘው የተለመደውን ዘዴ ለሚያጠናው ሕያው እንዲስማማ በመለወጡ ነው፤ የአሞኒያ ምርመራም እንዲሁ ከሚመረመረው ውኃ ጠባይ ጋር ተገናዝቦ ሊነበብ ይገባዋል።