ርቆ ሄዶ አገሩን ያየው ሰዓሊ

ልጆች፣ ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ስለነበር ቀለምን የለመደው ገና በልጅነቱ ነው። በ1957 ሥዕል ለመማር ወደ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ሄደ።

አገር ቤት ሆኖ ፀሐይን ልብ የሚላት ማን አለ? በየቀኑ ትወጣለቻ! ሰው አገር ሲኬድ ግን ትናፍቃለች። የገብረ ክርስቶስን «አገሬ» የተባለ ግጥም ወላጆቻችሁ ሳያውቁት አይቀሩም። እዚያ ላይ ያገሩን ውበት መቁጠር የጀመረው ከቤተ መንግሥት ወይም ከሐውልት አይደለም፤ ከልምላሜው፣ ከነፋሱና ከፀሐዩ ነው።

ትምህርቱን ሲጨርስ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በደርግ ዘመን ግን አገሩን ለቆ ወጣ። በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በ48 ዓመቱ አረፈ። እሱ ባይመለስም ጀርመን የቀሩት ብዙ ሥዕሎቹ ተመልሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ።

እናንተስ? ዛሬ ማታ እማዬንና አባዬን ካገር ቤት የትኛው ትንሽ ነገር እንደሚናፍቃቸው ጠይቁ። ከዚያ የነገሯችሁን ሳሉት።