ሙሴ ኢልግና የጅቡቲ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅቡቲ ለመድረስ በአይሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ርቀቱ በአየር ላይ ቀጥታ ሲለካ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምኖርበት ደምበል የሚገኘው በሁለት ጣቢያዎች መካከል ነው፤ በአንድ ወገን የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ፥ በሌላው ወገን ከመስቀል አደባባይ አለፍ ብሎ አሮጌው የለገሀር ባቡር ጣቢያ አለ። ከለገሀር ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ባቡር መነሣቱ ከቀረ ቈይቷል። እኔ ግን ያን ባቡር ወደ አገራችን ለማምጣት ብዙ ስለ ደከሙት ስለ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ጥቂት ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ኢልግ በመጋቢት 1846 ዓ. ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የእጅ ጥበብ የሚያውቁ አውሮፓውያን ይፈልጉ ስለ ነበር፥ በ1870 ዓ. ም. ጕዞ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባም ጅቡቲም ገና አልተቈረቈሩም! መንገዱ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ በበረሃ እያቋረጠ አንኮበር የሚያደርስ ነበረ። ግመል ተከራይቶ መነሣቱ ራሱ ወራት ይፈጅ ስለ ነበር፥ አንኮበር የገቡት በ1871 ዓ. ም. ነው።

ንጉሡ በመጀመሪያ ያዘዟቸው ጫማ እንዲሠሩ ነው ይባላል። መሐንዲስ ጫማ ስፋ ቢባል ቅር ሊለው ይችላል፤ እሳቸው ግን ሠርተው አቀረቡ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ ሠሩ ይባላል። በኋላም በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ አቆሙ፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አወጡ። በልባቸው የነበረው ግን ምድር ባቡር ነው። ለንጉሡ ትንሽ የባቡር አምሳያ ሠርተው አሳዩዋቸው ተብሎም ይተረካል።

ዐፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በ1886 ዓ. ም. የሐዲዱን ፈቃድ ሰጧቸው። ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ገንዘብ አነሰ፤ ፈረንሳይና እንግሊዝም በመንገዱ ምክንያት ይሻኰቱ ጀመር። የሐረር ተራራ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ሐዲዱ በ1895 ዓ. ም. 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከተራራው ሥር ቆመ። ድሬዳዋ የተቈረቈረችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራውም ለብዙ ዓመታት ወደ ፊት አልተራመደም። ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገደኛ እንደ ድሮው በበቅሎ ይጓዝ ነበር።

ኢልግ በ1889 ዓ. ም. የመንግሥት አማካሪ ሆነው፥ ከአድዋ ድል በኋላ ከውጭ መንግሥታት ጋራ በሚደረገው ድርድር ንጉሠ ነገሥቱን ረድተዋል። የታሪክ መጻሕፍት በይበልጥ የሚያነሡት ይህን ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ሐዲዱ ነው።

በ1890ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሥራቸውን ለቀው አገራቸው ሲገቡ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ገና ሐዲድ አልነበረም። በታኅሣሥ 1908 ዓ. ም. በዙሪክ ዐረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ነው፤ ሊያዩት የቀራቸው ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ ባቡሩ በዚያን ዘመን ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ፥ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር።