ያየውን የማይረሳ ሰው፤ የኒኮላ ቴስላ የሕይወት ታሪክ

የማስታወስ ኃይል ለሰው ከተሰጡት ስጦታዎች አንዱና ታላቁ ነው፤ በተለይም በቃል ለሚማር ሰው ያለ እርሱ ትምህርት የለም። ነገር ግን መርሳትም ራሱን የቻለ ዕረፍት መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የሁለቱንም ነገር ክብደት በገዛ ሕይወቱ ካዩት ሰዎች አንዱ በኤሌክትሪክ ጥበብ ስሙ በዓለም የታወቀው ኒኮላ ቴስላ ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴስላ በ1856 ዛሬ ክሮኤሽያ በምትባለው አገር፣ በሊካ አውራጃ፣ ስሚልያን በተባለች መንደር ከሰርብ ወላጆች ተወለደ። አባቱ ቄስ ሚሉቲን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ፤ እናቱ ጁካም የካህን ልጅ ነበሩ። ቄስ ሚሉቲን ልጃቸው ረዣዥም ዓረፍተ ነገሮችን ሰምቶ በቃሉ እንዲደግም፣ ሒሳብንም ሳይጽፍ በአሳቡ እንዲሠራ በየቀኑ ያለማምዱት ነበር። እናቱ ፊደል ያልቆጠሩ ሲሆኑ የአገራቸውን የጀግኖች ግጥም በብዛት በቃላቸው ይዘው ነበር፤ ለቤት ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችንም በገዛ እጃቸው ያበጁ ነበር። ቴስላ የፈጠራ ችሎታውን ከእናቱ እንደ ወረሰ ይናገር ነበር።

ገና ሕፃን ሳለ ዳኔ የተባለ ታላቅ ወንድሙ በፈረስ አደጋ ሞተ። ዳኔ ወላጆቹ ብዙ ተስፋ የጣሉበት ልጅ ነበረ። ታናሹ ኒኮላ አደጋውን በዓይኑ አየ። በ1919 የገዛ ታሪኩን በአንድ መጽሔት ሲጽፍ፣ ኀምሳ ስድስት ዓመት አልፎ እንኳ ያ ትርኢት አንዳች እንዳልደበዘዘበት ገለጸ። ሌላው ሰው ኀዘኑን ጊዜ ያበርድለታል፤ ለእርሱ ግን ጊዜ ይህን አላደረገለትም።

በልጅነቱ ያሠቃየው ነገር ይህ ነበረ። አንድ ቃል በፊቱ ሲነገር የዚያ ነገር መልክ በዓይኑ ፊት ቁልጭ ብሎ ይቆማል፤ ያየው ነገር እውነተኛ ይሁን ወይም ምስል ብቻ፣ አንዳንድ ጊዜ ለመለየት ያቅተው ነበር። ቀን የቀብር ሥነ ሥርዓት ያየ እንደ ሆነ፣ ሌሊት ጸጥ ሲል ያው ትርኢት ተመልሶ ይመጣበታል፤ እጁን ዘርግቶ ቢያሳልፍበት እንኳ አይጠፋም። ወንድሙም ይህን በመሰለ ነገር ይቸገር እንደ ነበር ያውቅ ነበር። የተጠየቁት ሐኪሞችና የሥነ ልቡና ዐዋቂዎች ግን ነገሩን አጥጋቢ በሆነ መንገድ ሊያስረዱት አልቻሉም።

ከዚህ መከራ ለመዳን ብላቴናው የገዛ ራሱን ዘዴ ፈለገ። መጀመሪያ ክፉውን ምስል ቀድሞ ባየው በሌላ ምስል ለማባረር ሞከረ፤ ነገር ግን ከቤቱና ከመንደሩ በቀር ያየው ስላልነበረ፣ መድኃኒቱ ቶሎ አለቀበት። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ሲሆን በአሳቡ ወደማያውቃቸው አገሮች ይጓዝ፣ ከተሞችን ይጎበኝ፣ ከሰዎችም ጋር ይወዳጅ ጀመረ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው አሳቡ ወደ ፈጠራ ሥራ አዘነበለ፤ በዚያን ጊዜም ያሠቃየው የነበረው ኃይል አገልጋዩ ሆነ።

አባቱ ልጃቸው እንደ እርሳቸው እንዲቀስስ ይመኙ ነበር። ነገር ግን በ1873 ወጣቱ የኮሌራ በሽታ ይዞት ለሞት በተቃረበ ጊዜ፣ ቢድን ወደ ምሕንድስና ትምህርት ቤት እንደሚልኩት ቃል ገቡለት። ዳነም፤ በ1875 በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ ትምህርቱን ጀመረ። በ1882 ቡዳፔስት ሳለ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከወዳጁ ጋር በመናፈሻ እየተመላለሰ የጀርመኑን ባለቅኔ የጎተን ግጥም በቃሉ ሲያነበንብ፣ ብዙ ጊዜ የደከመበት ሞተር ሠርቶ ሲዞር በድንገት ታየው። ወዲያው በእንጨት አሸዋው ላይ ሥዕሉን ጫረ። ያ ሥዕል ከስድስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ በመሐንዲሶች ማኅበር ፊት የቀረበው ራሱ ነበረ። አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሚፈስ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው ይህ ጥበብ በ1896 የኒያጋራን ፏፏቴ ኃይል ወደ ቡፋሎ ከተማ አደረሰ። ቴስላ መሣሪያን በአሳቡ ይሠራል፣ በአሳቡ ያንቀሳቅሳል፣ ጉድለቱንም በአሳቡ ያርማል እንጂ አስቀድሞ በወረቀት መንደፍ አያስፈልገውም ነበር።

በ1892 እናቱ በጠና ታመሙ፤ ቴስላም ከፓሪስ ገሥግሦ ደረሰ። ከድካም የተነሣ ከቤታቸው ጥቂት ራቅ ብሎ ተኝቶ ሳለ፣ መላእክትን የተሸከመ ደመና አየ፤ ከመላእክቱም የአንዱ ፊት ቀስ በቀስ የእናቱን መልክ ያዘ። ጣዕሙ ሊነገር በማይችል ዝማሬ ሲነቃ እናቱ እንዳረፉ ዐወቀ፤ ነገሩም እንደዚያው ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናና ነበር። ቴስላ ግን የራእዩን ምንጭ ለብዙ ወራት መረመረ፤ በመጨረሻም ቀደም ሲል ያየው የአንድ ታዋቂ ሠዓሊ ሥዕል መሆኑን፣ ዝማሬውም በአቅራቢያው በነበረው ቤተ ክርስቲያን የፋሲካ ማለዳ መዘምራን ድምፅ መሆኑን አገኘ። መልሱን በማግኘቱ ዕረፍት ተሰማው። ያየውን ሁሉ የሚያስቀር ሰው፣ በኀዘኑ ሰዓት ያየውን ነገር እንኳ ሳይመረምር ሊቀበለው አልቻለም።

የዚህ ስጦታ ዕዳ በሥራውም ላይ ታየ። በ1895 በኒው ዮርክ የነበረው የሥራ ቤቱ ሲቃጠል መሣሪያውና ጽሑፉ ዐመድ ሆነ። በ1901 በሎንግ አይላንድ ያለ ሽቦ መልእክትንና ኃይልን ወደ ዓለም ሁሉ የሚያደርስ ግንብ መሥራት ጀመረ። በአሳቡ ሥራው የተፈጸመ ያህል ይታየው ነበር፤ ነገር ግን ባለጸጋው ሞርገን ከሰጠው 150,000 ዶላር በላይ አልጨምርም ስላለ ሥራው ቆመ፤ ግንቡም በ1917 ፈረሰ። ቴስላ በእርጅናው ዘመን ስለ አዳዲስ ፈጠራዎች ብዙ ተናገረ። ከሞተ በኋላ ግን ወረቀቶቹን በመንግሥት ትእዛዝ የመረመረው ፕሮፌሰር ጆን ትራምፕ አብዛኛው አሳብና ግምት መሆኑን፣ የሚሠራበት መንገድም ያልተገለጠ መሆኑን አስታወቀ። በልቡ ሰሌዳ ተሥሎ የነበረው ካለ፣ ከእርሱ ጋር ተቀበረ።

ኒኮላ ቴስላ በጃንዋሪ 7 ቀን 1943 በኒው ዮርክ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ሳለ በ86 ዓመቱ ዐረፈ። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ የአባቱ ቤተ ክርስቲያን የጌታን ልደት የምታከብርበት ዕለት ነበረ። የሰርብ ኦርቶዶክስ ካህናት ጸሎተ ፍትሐት አደረሱለት፤ ዐመዱም በ1957 ወደ ቤልግሬድ ተወሰደ።

ከዚህ ሰው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አጭር ነው። በልብ የተያዘ ነገር ውኃ አያጥበውም፣ እሳትም አያቃጥለውም፤ ነገር ግን ለደቀ መዝሙር ካልተላለፈ ወይም በብራና ካልሰፈረ ዕድሜው የባለቤቱ ዕድሜ ብቻ ነው።