ዣክ ዮሴፍ፦ አፍንጫን የለካው ሐኪም

በሙያችን ቅርጹ ያማረ ሥራ ሁሉ ጭነቱን መሸከም ካልቻለ እንደ ተሠራ አይቆጠርም። ይህ ደንብ የድንጋይና የብረት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በሰው አፍንጫ ላይም እንደሚሠራ ግን የአንድ የበርሊን ሐኪም ሕይወት፣ ከእርሱም በኋላ የተገኘው ልምድ ያስረዳናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣክ ዮሴፍ በ1865 በኮኒግስበርግ ከተማ ከአንድ ረቢ ቤት ተወለደ። ሕክምናን በበርሊን ከተማረ በኋላ፣ በ1892 በዩልዩስ ቮልፍ የአጥንት ሕክምና ክፍል ረዳት ሆነ። ቮልፍ ለመሐንዲሶች ባዕድ ሰው አይደለም። አጥንት የሚሸከመው ጭነት ሲለወጥ የውስጥ አሠራሩም እንደሚለወጥ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። ለሐሳቡ መነሻ ከሆኑትም አንዱ፣ መሐንዲሱ ካርል ኩልማን በጭን አጥንት ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ዘንጎች በክሬን ውስጥ ከሚያልፉት የኃይል መስመሮች ጋር ማመሳሰሉ ነበር።

በ1896 ዮሴፍ ጆሮዎቹ ወደ ውጭ በመገተራቸው መሳለቂያ የሆነን፣ ትምህርት ቤትም መሄድ ያስጠላውን ልጅ በቀዶ ሕክምና አስተካከለ። ልጁ ደስ አለው፤ አለቃው ቮልፍ ግን ሳያስፈቅደውና በሽታ ለሌለበት አካል መቀደዱን አልተቀበለም፤ ከሥራውም አሰናበተው። ዮሴፍ ከዚህ በኋላ በግሉ መሥራት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1898፣ በአፍንጫው ትልቅነት የተነሣ ከሰው መደባለቅ ያስጨነቀውን የ28 ዓመት ሰው አፍንጫ አሳነሰ፤ ውጤቱንም ለበርሊን ሐኪሞች ማኅበር አቀረበ። የሚሟገትለት ጉዳይም ግልጽ ነበር፦ በመልኩ ምክንያት ከኅብረተሰቡ የተገለለ ሰው ሥቃዩ እውነተኛ ነውና ሐኪም ሊረዳው ይገባል።

ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ግን ዮሴፍ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ የሮቸስተር ከተማ ሐኪም ጆን ኦርላንዶ ሮ በ1887፣ ሰፊና ድቡልቡል የሆነን የአፍንጫ ጫፍ በአፍንጫው ቀዳዳ በኩል ገብቶ፣ በውጭ ጠባሳ ሳይተው፣ እንዴት እንደሚያሳንስ ጽፎ ነበር። የዮሴፍ ድርሻ ሥራውን በሥርዓት ማዋቀሩ ነው። የፊትን ጐን የሚለካበት መሣሪያ ሠራ፤ መጋዞችንና መፋቂያዎችን ነደፈ፤ በ1904 ደግሞ እርሱም ከውስጥ በኩል የሚሠራበትን መንገድ አስታወቀ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በቦምብ ፍንጣሪ የተቆረሰ ወታደሮች ብዙ ነበሩ። ዮሴፍ ከ1916 ጀምሮ በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል የፊት ጥገና ክፍልን መራ፤ በ1919ም የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። ልምዱን ከ1928 እስከ 1931 በክፍል በክፍል በወጣ ትልቅ መጽሐፍ ሰበሰበ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ በአይሁድ ሐኪሞች ላይ ክልከላው በረታ። ዮሴፍ በየካቲት 1934 በልብ ሕመም በበርሊን አረፈ።

ከዮሴፍ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ከእርሱ ዘመን ሥራ አንድ ጉድለት አገኙ። የአፍንጫ ጫፍ የቆመው በተጣጣፊ ልም አጥንት ላይ ነው፤ አሠራሩም ቀያሾች መሣሪያቸውን እንደሚያሳርፉበት ባለሦስት እግር መቆሚያ ነው። በመካከል የተጣመሩት ሁለት ቅጥያዎች አንዱ እግር ናቸው፤ ግራና ቀኙ ሁለቱ ናቸው። ጫፉን ለማጥበብ ልም አጥንቱን ከመጠን በላይ የቆረጠ ሐኪም እግሮቹን ያደክማል፤ ከዓመታት በኋላ ጫፉ ይወርዳል ወይም ቀዳዳው ይጣበቅና መተንፈስ ይቸግራል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ከላይኛው ጠርዝ ጥቂት ብቻ ቀንሰው፣ የቀረውን በክር ያቀራርባሉ፤ የደከመ ቢኖርም ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ወይም ከጆሮ በተወሰደ ልም አጥንት ይደግፉታል። ቆዳው ወፍራም በሆነ ሰው ላይ ደግሞ ከሥር የተሠራው ቅርጽ ቶሎ አይታይምና፣ መቁረጥን ማብዛት ጥቅሙ አነስተኛ፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው።

የሚያስገርመው፣ ቅርጽና ጭነት እንደማይለያዩ ያስተማረው ያ ያሰናበተው አለቃ መሆኑ ነው። ዮሴፍ በሰው ሥቃይ ረገድ ከመምህሩ ቀድሞ አየ፤ በመዋቅር ረገድ ግን የመምህሩ ትምህርት ዘግይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእኛም ሁለቱም ትምህርት ይበጀናል፦ የሚገለገለውን ሰው ችግር አለመናቅ፣ ከምሰሶውም ስንቀንስ የሚቀረው ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድሞ ማስላት።