ሎርድ ኬልቪንና ለዘመኑ የቀደመው የሙቀት ፓምፕ

ዛሬ በሰሜን አውሮፓ ትላልቅ የሙቀት ፓምፖች ከወንዝና ከባሕር ውኃ ሙቀት እየቀዱ በቧንቧ መረብ ለብዙ ሕንፃዎች ያዳርሳሉ። በዚህ መንገድ ቤት ማሞቅ እንደሚቻል በስሌት ያሳየው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ስሙ ሎርድ ኬልቪን፣ በይበልጥ የሚታወቀው ግን ስሙን በያዘው የመጠነ ሙቀት መለኪያ ነው።

ቶምሰን በ1824 (እ.ኤ.አ.፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በቤልፋስት ተወለደ። አባቱ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሲሆን ቤተሰቡ ወደ ስኮትላንድ ተዛወረ፤ ልጁም በ10 ዓመቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። ካምብሪጅ ትምህርቱን ፈጽሞ፣ በ1846 በ22 ዓመቱ በግላስጎው የተፈጥሮ ፍልስፍና ፕሮፌሰር ሆነ፤ መንበሩንም እስከ 1899 አልለቀቀም።

በ1847 በኦክስፎርድ ጉባኤ ላይ ጄምስ ጁል ሥራ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ ሲያስረዳ ሰማ። ቶምሰን ያኔ የካርኖን አስተምህሮ ይከተል ስለነበር ሐሳቡን ወዲያው አልተቀበለም። ሁለቱን ለማስታረቅ ዓመታት ፈጀበት፤ ፍጹሙን የመጠነ ሙቀት መለኪያ በ1848፣ የሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ አገላለጹን ደግሞ በ1851 ያቀረበው በዚሁ ሂደት ነው።

በ1852 ለግላስጎው ፍልስፍናዊ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ የሙቀት ሞተር ወደ ኋላ ቢሠራ ምን እንደሚሆን ጠየቀ። በንድፉ መሠረት፣ የውጭ አየር በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ይስፋፋል፤ ስለዚህም ከአካባቢው ይልቅ ይቀዘቅዛል። በብረት ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ ከውጭው አየር ሙቀት ይቀበላል። ሁለተኛው ሲሊንደር ወደ ቀድሞ ግፊቱ ሲያምቀው ሞቆ ወደ ሕንፃው ይገባል። ለክፍሉ የሚደርሰው ሙቀት ለማሽኑ ከዋለው ሥራ እጅግ ይበልጣል፤ ትርፉ ከውጭው አየር የተወሰደ ነውና። ይኸው ዘዴ በሞቃት አገሮች ሕንፃዎችን ለማቀዝቀዝም ታስቦ ነበር።

ንድፉ በግላስጎው ቤቶች ውስጥ ምድጃን አልተካም። ጥፋቱ የቴርሞዳይናሚክሱ አይደለም። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከከሰሉ ሙቀት ከአንድ አሥረኛ ያነሰውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጥ ነበር፤ ፓምፑ የተሰጠውን ሥራ ሦስት እጥፍ ሙቀት ቢመልስ እንኳ ውጤቱ ከሰሉ በቀጥታ ሲነድ ከሚሰጠው ያንሳል። ከሰል ደግሞ በስኮትላንድ ሞልቶ የተረፈ ነበር። ቶምሰን ራሱ ፊቱን ወደ ቴሌግራፍ አዞረ፤ በ1866 የተሳካው የአትላንቲክ ገመድ የፈረሰኛነት ማዕረግና ሀብት አስገኘለት። በ1907 ሲሞት በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ።

ሚዛኑን የለወጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከሰል ከውጭ በምታስገባው፣ የውኃ ኃይል ግን ባላት ስዊዘርላንድ፣ በ1938 የዙሪክ ማዘጋጃ ቤት ከሊማት ወንዝ ሙቀት በሚቀዳ ፓምፕ መሞቅ ጀመረ። ዛሬ ከግላስጎው አጠገብ በክላይድባንክ፣ ቀድሞ የመርከብ መሥሪያ በነበረ ስፍራ፣ 5.3 ሜጋዋት አቅም ያለው ጣቢያ ከክላይድ ወንዝ ሙቀት ወስዶ የጋራ ማሞቂያ መረብ ይመግባል። ቶምሰን በ1892 የማዕረግ ስሙን የወሰደበት የኬልቪን ወንዝ ክላይድን የሚቀላቀለው ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከፍ ብሎ ነው።