የነገሥታት መምህር በጠባብ በአት

ስለ አበው መነኮሳት በተወያየን ቁጥር ሁላችንም ጠባቧን በአት እናደንቃለን። አንዲት በር፣ አንድ ሰሌን፣ አንድ የውኃ እንስራ፤ ጸጥታዋም ያስቀናል። ይሁን እንጂ በአንድ ጉባኤያችን ላይ አንዲት እኅታችን ከቤተሰቧ ጋር ሰባት ሆነው በአንዲት ክፍል እንደሚኖሩ ገልጻ፣ ጠባብ ቤት የቅድስና ቦታ ከሆነ ለእነርሱ ስለ ምን ጭንቅ ብቻ እንደ ሆነ ጠየቀችን። በዚያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠናትም። ኋላ የአባ አርሳንዮስን ታሪክ ስናነብ ጥያቄዋ ትዝ አለን።

አባ አርሳንዮስ የሮም ሰው ናቸው። በትምህርታቸው የታወቁ ስለ ነበሩ ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ቴዎዶስዮስ ልጆቹን አርቃዴዎስንና አኖሬዎስን እንዲያስተምሩ ሾማቸው። እነዚህም ልጆች እ.ኤ.አ. በ395 አባታቸው ሲሞት የሮምን ግዛት ለሁለት ተካፍለው የነገሡት ናቸው። መምህራቸው ግን ቤተ መንግሥቱን ትተው በመርከብ ወደ እስክንድርያ ተሻገሩ፤ ከዚያም ዛሬ ወዲ ናትሩን ወደሚባለው ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገብተው መነኰሱ። በቤተ መንግሥት ሳሉ ከእርሳቸው የተሻለ የሚለብስ አልነበረም ይባላል፤ በገዳሙም ከእርሳቸው የከፋ የሚለብስ አልተገኘም።

በበአታቸው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የዘንባባ ቅጠል ይታቱ ነበር። ቅጠሉን የሚነክሩበትን ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይለውጣሉ፤ ሲጐድል ይጨምሩበታል እንጂ አይደፉትም። ስለዚህ በአቲቱ ትከረፋ ነበር። እርሳቸውም ይህን ክርፋት በዓለም ሳሉ ስለ ተደሰቱበት ሽቱ ምትክ አድርገው ተቀበሉት። ስለ በአት ጸጥታ ብቻ የምናወራ ሁሉ ይህንም ሽታ ማስታወስ ይገባናል። ቅዳሜ ማታ ፀሐይን ከኋላቸው ትተው እጃቸውን ዘርግተው ለጸሎት ይቆማሉ፤ እሑድ ጠዋት ፀሐይ ፊታቸውን እስክትመታው ድረስ አይቀመጡም። አንድ ባለጸጋ ዘመዳቸው ብዙ ሀብት በኑዛዜ ቢያወርሳቸውም፣ እርሳቸው ከሟቹ አስቀድመው ለዓለም የሞቱ መሆናቸውን ተናግረው ምንም ሳይቀበሉ ቀሩ።

እኛን ያቆመን ግን የእረኛው ታሪክ ነው። አባ አርሳንዮስ በታመሙ ጊዜ የገዳሙ ቄስ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ምንጣፍ አነጠፈላቸው፤ ከራሳቸውም በታች ትንሽ ትራስ አደረገላቸው። ሊጠይቃቸው የመጣ አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ይህን አይቶ ትራስ ለመነኵሴ ነውን ብሎ ተሰናከለ። ቄሱም ለብቻው ወስዶ በአገሩ ሳለ ሥራው ምን እንደ ነበረ ጠየቀው። እረኛ እንደ ነበረና ኑሮው እጅግ መከራ እንደ ነበረ፣ አሁን በበአቱ ግን ከዚያ የተሻለ ዕረፍት እንዳገኘ መለሰ። ያን ጊዜ ቄሱ፣ አባ አርሳንዮስ የነገሥታት አባት እንደ ነበሩ፣ የወርቅ ዝናር የታጠቁ ብዙ አገልጋዮች ይቆሙላቸው እንደ ነበረ ነገረው። ሽማግሌውም ወድቆ ይቅርታ ለመነ።

እንግዲህ ያችው ጠባብ በአት ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው መሥዋዕት ሆናለች። አባ አርሳንዮስ የተዉት ነገር ነበራቸው፤ ትተውትም በፈቃዳቸው ገቡ። እኅታችን ግን የምትተወው ሰፊ ቤት አልነበራትም። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ያልመረጠውን ችግር እኛ እንደ ገድል አድርገን ስናወድስበት እናስቀይመዋለን።

ከቤተ መንግሥት ሲወጡ አለቀሱ የሚል አላነበብንም። ዘላኖች አስቄጥስን በወረሩ ጊዜ ግን፣ ዓለም ሮምን እንዳጣች መነኮሳትም አስቄጥስን እንዳጡ እየተናገሩ እያለቀሱ ወጡ። በመጨረሻ በዛሬዋ ካይሮ አቅራቢያ በጡራ አረፉ። መታሰቢያቸው ግንቦት 13 ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅታችን ስንነግራት በጸጥታ አዳመጠችን። ከዚያም ያ እረኛ በበአቱ ብቻውን ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀችን።